ተራራ ከተራራ ይገናኝ? የቀይ ቀበሮ ሙግት

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 ያነሱ ናቸው፤ እነሱም በስድስት የተነጣጠሉ ተራራማ ቦታዎች ተበትነው ይኖራሉ፦ ባሌ፣ አርሲ፣ ስሜን፣ ሰሜን ወሎ፣ ደቡብ ወሎና የመንዝ ጓሳ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ላይ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች መካከል የዱር እንስሳ መተላለፊያ ይከፈት ወይስ አይከፈት በሚለው ላይ አንዲት የሥነ ምህዳር ባለሙያና አንድ የእንስሳት ሐኪም ተሟግተዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ይከፈት

ጉና ተራራ ላይ ዛሬ ቀይ ቀበሮ የለም። ጮቄ ላይም የለም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጎሽ ሜዳ ከሚባለው ቦታም ጠፍቷል። ገብስ ከደጋው ወደ ውርጩ እየወጣ፣ ግጦሹ እየጠበበ ሲሄድ ጥቂት ቀበሮዎች ጫፍ ላይ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ክፉ ዓመት ሲመጣ የሞቱትን የሚተካ ከሌላ ተራራ የሚመጣ አልነበረም።

ይህ እንስሳ እንዴት እንደሚኖር የሚያውቅ ሰው ነገሩ አያስገርመውም። ወንዱ አብዛኛውን ጊዜ በተወለደበት መንጋ ይቀራል። ሴቷ ግን ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላት ትወጣለች፤ ምክንያቱም በአንድ መንጋ ውስጥ የምትወልደው በአብዛኛው አለቃዋ ሴት ብቻ ናት። እንግዲህ ያቺ ልጅ ሸንተረር ሸንተረሩን ይዛ ስትሄድ ምን ያጋጥማታል? የገብስ ማሳ፣ የእረኛ ጎጆ፣ ሦስት አራት ውሻ። አይጥና ፍልፈል በሌለበት እርሻ መሀል የምትበላውም የለም። በአገራችን ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ታርሷል። ያቺ ሴት ወይ ትመለሳለች፣ ወይ መንገድ ላይ ትቀራለች።

ስሜንን ከባሌ እናገናኝ ያለ ሰው የለም። ስምጥ ሸለቆን ማን ይሞላዋል? የምጠይቀው በአንድ የተራራ ሰንሰለት ውስጥ ያሉ ቁርጥራጮች እንዲያያዙ ነው (የመንገድ ዳር መብራትና የእግረኛ ንጣፍ የሌለበትን ኮሪደር ማለቴ ነው)። ምሳሌ አለን። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቷል። ከዚያ እንዲወጣ ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ ድንበሩን ማስፋት ነበር፤ መሳረሪያ፣ ሊማሊሞና የራስ ደጀን አካባቢ ከማገናኛዎቻቸው ጋር ታሰቡ። ወሎ ላይም በሸንተረሩ ራስ ላይ ጠበብ ያለ የሣር መሬት ሳይታረስ ቢቀር በቂ ነው።

«ገበሬው ምን ይብላ?» ትሉኛላችሁ። በዚያ ከፍታ ገብሱን ብዙ ጊዜ ውርጭ ይቀድመዋል። ጓሳ ሣር ግን ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገበያም ይወጣል። የመንዝ አባቶች የጓሳን መሬት ለዓመታት ዘግተው፣ ጊዜው ሲደርስ በስምምነት ከፍተው ሣሩን ያጭዱ ነበር፤ ሥርዓቱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ዘልቋል። ቀበሮው እስከ ዛሬ እዚያ የኖረው በዚህ ሥርዓት ምክንያት ነው ብል አላጋነንኩም። ሸንተረርን ከማረሻ ማትረፍ ለአገራችን ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም።

አይከፈት

ባልደረባዬ ስለ ቀበሮዋ ጥሩ አድርገው ጽፈዋል። ስለ ውሻው ግን «ሦስት አራት ውሻ» ብለው አለፉት። የእኔ ሙግት በሙሉ እዚያ ላይ ነው።

ባሌ ላይ ጎዳንቱ የሚባል ልማድ አለ፤ ከብቶች በየወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ ይወጣሉ፣ እረኛውም ከጅብ ይጠብቅልኛል ብሎ ውሻውን አስከትሎ ይመጣል። ውሻው ከባለቤቱ የሚያገኘው ትርፍራፊ ስለማይበቃው ራሱ ፈልጎ ይበላል፤ ቀበሮው በሚያድንበት ሜዳ ላይ ይዞራል፣ ቀበሮው የበላውን ጥንብ ይበላል። በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ወብ ሸለቆ ገባ። ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። በሽታው በ2008 እንደገና መጣ፣ በ2014ም መጣ። በመካከሉ በ2010 ዲስቴምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታ ተጨመረ። ማስታወስ ያለብን ባሌ ቀበሮው በብዛት ያለበት፣ ቁርጥራጮቹም በደንብ የተያያዙበት ቦታ መሆኑን ነው። የመንዝ ጓሳ ቀበሮዎች በባሌው ወረርሽኝ ያላለቁት ርቀት ስላዳናቸው ነው። መተላለፊያ ሲከፈት ማን ቀድሞ እንደሚገባበት ቫይረስን አትጠይቁት።

ስለ ጉናም አንድ ቃል ልበል። ጉና ላይ ቀበሮው የጠፋው ጎረቤት ስላጣ ሳይሆን ቤት ስላጣ ይመስለኛል። ቤቱ ቢኖር ጎረቤቱን በመኪና ማምጣት ይቻላል። ፍሎሪዳ ላይ እንዲህ ተደርጓል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የፍሎሪዳ ፓንተር የሚባሉት ትልልቅ የዱር ድመቶች ከ20 እስከ 30 ብቻ ቀርተው ነበር። በዘር መቀራረብ ምክንያት ጅራታቸው ይቆለመማል፣ የአንዳንዱ ወንድ ቆለጥ አይወርድም፣ ልባቸው ጉድለት ያለበት ይወለዱ ነበር። በ1995 ስምንት ሴቶች ከቴክሳስ መጥተው ተለቀቁ፣ አምስቱ ወለዱ፤ ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ብዙ እጥፍ አደገ። ከቴክሳስ ፍሎሪዳ ድረስ መተላለፊያ አልተዘረጋም። የተመረመረ፣ የተከተበ፣ ከየት እንደመጣ የሚታወቅ እንስሳ በሳጥን መጣ እንጂ።

አየሩ እየሞቀ ነው፤ ገብስ ትናንት በማይበቅልበት ዛሬ ይበቅላል። ተራሮችን የሚያገናኘው መሬት ደግሞ በአመዛኙ ከተራሮቹ ዝቅ ያለው ነው። ያን መሬት ከገበሬ ተደራድረን ብናገኘው እንኳ ለቀበሮ የማይመች ለመሆን የመጀመሪያው እሱ ነው። የግጭ መንደር ሰዎች ከስሜን ፓርክ ወጥተው ደባርቅ የሰፈሩት በ2016 ገደማ ነው። ያ ለፓርኩ እምብርት ነበር። ነገ ለማይረባ ኩርባ መሬት ሌላ መንደር አትንኩብን።

መልስ

ዶክተር፣ መንደር ይነሳ ያልኩበትን ቦታ አላገኘሁትም። ሸንተረር ላይ ሣር ይቅር ነው ያልኩት።

የወብን ታሪክ ግማሹን ነገሩን እንጂ አልጨረሱትም። በ2003 በሽታው ወብን ሲያጠፋ ባለሙያዎቹ የመረጡት ወብን ከሌሎቹ የሚያገናኙትን ጠባብ ማለፊያዎች ነበር። እዚያ የሰፈሩትን መንጋዎች ያዙና ከተቡ፤ የተከተቡት ከሰባ አይበልጡም። በሽታው ወደ ሌላኛው ሸለቆ ሳይሻገር ቀረ። በ2006 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ያስተማረንም ይህንኑ ነው፦ ከቀበሮዎቹ ከ20 እስከ 40 በመቶ ያህሉ በትክክለኛው ቦታ ቢከተቡ ትልልቁን እልቂት ማስቀረት ይቻላል። ማለፊያውን ያላወቀ ሰው የት ቆሞ ይከትባል?

ውሻን በተመለከተ ደግሞ፣ ቀበሮ የማያልፍበት የገብስ ማሳ ለውሻ አውራ ጎዳና ነው። ውሻ ከሰው ጋር ይሄዳል፤ ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ። ቁርጥራጩን ብንዘጋ የምንዘጋው ለቀበሮዋ ብቻ ነው።

ፍሎሪዳንም እስከ መጨረሻው እንይ። ስምንቱ ሴቶች ዘሩን አድሰዋል። ቁጥሩ ሲያድግ ግን ካሉሳሃቺ የሚባለው ወንዝ ከሰሜን በኩል ዘጋቸው፤ ወንዶቹ ሲሻገሩ ሴት በሰሜኑ ዳርቻ ሳትታይ አሥርት ዓመታት አለፉ። የታየችው በ2016 ነው። ፍሎሪዳም በ2021 የዱር እንስሳት መተላለፊያ የሚል ሕግ አወጣች። ያመጡትን እንስሳ የሚያሰፍሩበት ስላጡ ወደ እኔ ሐሳብ መጡ ማለት ነው።

የመልስ መልስ

ኔቸር ላይ የወጣውን ጥናት እኔም አንብቤዋለሁ። ጥናቱ የሚሠራው መንጋው የት እንደሚያድር ሲታወቅ ነው። አንድ ቀበሮ ለመከተብ መጀመሪያ በወጥመድ መያዝ ነበረበት። ከ2018 ወዲህ የሚሰጠው ክትባት በአፍ ነው፤ መድኃኒቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ሲመሽ በመንጋው ክልል ይጣላል፣ ቀበሮው ሲነክሰው ከረጢቱ ይፈነዳል። ግሩም ነገር ነው። ግን ሥጋውን የሚጥለው ሰው ቀበሮዎቹን በየመንጋቸው የሚያውቅ የአካባቢው ልጅ ነው። ከቤቷ የወጣች፣ መንጋ የሌላት፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የምታድር ሴት ያን ሥጋ ታገኘዋለች የሚል ተስፋ የለኝም። መተላለፊያ ላይ የምትሄደው ደግሞ እሷ ናት።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይስተካከል። የእብድ ውሻ በሽታ እንዲቆም በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው መከተብ እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ውሾቻችን ዕድሜያቸው አጭር ነው፣ ቡችላው ብዙ ነው፤ ዘንድሮ የተከተበው መንደር በሁለት ዓመት ውስጥ ያልተከተበ መንደር ይሆናል። ሸንተረሩን ከሚያዋስኑ ቀበሌዎች መካከል ለተከታታይ ዓመታት 70 በመቶ የደረሰ አሳዩኝና እዚያኛው ሸንተረር ይከፈት። የማገናኛው በጀት ከመጽደቁ በፊትም የክትባቱ በጀት በየዓመቱ ከየት እንደሚመጣ ይጻፍ። በአንድ ጊዜ ፕሮጀክት ገንዘብ ከሆነ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ መተላለፊያው ይቀራል፣ ውሻውም ይቀራል።