ከመርጨቱ በፊት የተወሰደው ደም የት አለ?

በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 14 ሲቃረብ በአውሮፓ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በየሱቁ ከተደረደረው ጽጌረዳ ላይ የአገራችንን ስም ስናነብ ደስ ይለናል። ደስታው ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ወገኖቼ፣ ያንን አበባ በባቱ (ዝዋይ)፣ በሆለታና በሰበታ ግሪን ሃውሶች ውስጥ የረጩትና የቆረጡት ሰዎች ደም ምን እንደሚል ጠይቀን እናውቃለን?

ኢህአዴግ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ለአበባ ባለሀብቱ መሬት፣ የግብር እፎይታና የልማት ባንክ ብድር ሲያድል ወሬው ሁሉ ስለ ዶላር ነበር። በ2019 ኢህአዴግ ፈርሶ ብልጽግና ተተካ፤ ዛሬም ወሬው ዶላር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦርጋኖፎስፌትና ካርባሜት የሚባሉት ፀረ-ተባይ ኬሚካሎች ተባዩን የሚገድሉት ነርቩን አውከው ነው፤ የሰውንም ነርቭ አይምሩም። የነርቭን መልእክት በጊዜው የሚያቆመውን ኮሊንስተሬዝ የተባለ ኢንዛይም ያፍናሉ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ላብ፣ የዓይን ብዥታ ይመጣል። ሠራተኛው ግን «ሙቀቱ ነው፣ ጉንፋን ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጉዳቱ ሳይብስ የሚያሳየው የደም ምርመራ ነው። ችግሩ የዚህ ኢንዛይም መጠን ከሰው ሰው ይለያያል። በተፈጥሮው ከፍ ያለ መጠን ያለው ሰው ሲሶውን አጥቶ እንኳ ላቦራቶሪው «ኖርማል» ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል። ስለዚህ መርጨት ከመጀመሩ በፊት የተለካ የራሱ መነሻ ከሌለው በኋላ የሚመጣው ውጤት ከምን ጋር ይነጻጸራል? ሽንትም ቢሆን የሚናገረው ስለ ቅርብ ቀናት ብቻ ነው፤ ሳምንት አቆይቶ የሚመረምር ዱካው ከጠፋ በኋላ ነው የሚደርሰው።

ካሊፎርኒያ ይህንን ምርመራ ከ1974 ጀምሮ አስገድዳለች። ውጤቱ ከሠራተኛው መነሻ 80 በመቶ በታች ሲወርድ አሠሪው አሠራሩን እንዲመረምር ይገደዳል። የቀይ የደም ሴሉ ልክ ወደ 70፣ የፕላዝማው ወደ 60 በመቶ ካሽቆለቆለ ሠራተኛው እስኪያገግም ከኬሚካሉ ይርቃል። ዋሽንግተን ስቴትም በ2004 ተከትላለች። (እነርሱንም አናምልክ፤ የካሊፎርኒያ ደንብ ረጪውንና ቀላቃዩን እንጂ ከርጭቱ በኋላ ገብታ የምትቆርጠውን አይጨምርም። በእኛ አበባ እርሻዎች ደግሞ አብዛኛው ሠራተኛ ሴት ነው።)

ሕግ የለም እንዳይሉን፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው አዲስ ለሚቀጠሩና በአደገኛ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሠራተኞች በራሱ ወጪ የሕክምና ምርመራ እንዲያስደርግ ያዛል። «እንደ አስፈላጊነቱ» የምትለዋ ቃል ግን በሩን ገርበብ አድርጋ ትታዋለች። አስፈላጊነቱን የሚወስነው ማን ነው? የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ከሆነ መልሱን አስቀድመን እናውቀዋለን።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ፍርሃቱ ነው። ደሙ ዝቅ ብሎ የተገኘ የቀን ሠራተኛ «ለሥራው አትመችም» ተብሎ ቢባረር፣ በሚቀጥለው ዙር ማን ክንዱን ይዘረጋል? አሜሪካ በ1978 ባወጣችው የሊድ ደንብ ደሙ ውስጥ ሊድ በዝቶ ከሥራው የሚነሳ ሠራተኛ እስከ 18 ወር ደመወዙ እንዳይነካ ተደንግጓል። ለእኛም ረጪ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ ከኬሚካሉ ሲርቅ ደመወዙ አብሮት ይሂድ፤ ውጤቱም በአሠሪው ካዝና ተቆልፎ ሳይቀር በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ ለራሱ ይሰጠው።

በውጭ ያለን ሰዎች አበባውን አትግዙ ማለት ቀላል ነው፤ እኔ አልልም፤ እርሻው ሲዘጋ ቀድማ የምትራበው ያችው ቆራጭ ናትና። ነገር ግን ገዢዎች ነንና ለሱቁም ለአስመጪውም ደብዳቤ መጻፍ እንችላለን። «ሠርተፍኬት አለን» ብለው ይመልሱልን ይሆናል። እኛ የጠየቅነው ሠርተፍኬት አይደለም። የረጪዎቹና የቆራጮቹ የመጀመሪያ የደም ናሙና የተወሰደው በየትኛው ቀን ነው፣ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ወይስ በኋላ?