ማርከሻው ከሙዝ ማሳው ይቅረብ

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጤና ቢሮ
ለጋሞ ዞን ጤና መምሪያ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የእባብ መርዝ ማርከሻ በጋሞ ዞን ቆላ ቀበሌዎች ባሉ ጤና ጣቢያዎች ይቀመጥ። ሆስፒታል ብቻ አላልኩም።

ከላንቴ እስከ ሼሌ የተዘረጋውን የሙዝ ማሳ ያየ እንግዳ ገበያውን ያስባል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚጫነውን አይሱዙ። እዚህ የሚኖር ሰው ግን ከግንዱ ሥር ያለውንም ያስባል። መስኖው እንቁራሪትና አይጥ ይጠራል፤ እነሱን ተከትሎ እባብ ይመጣል። እፉኝት እንደ ሌላው እባብ ኮቴ ሲቀርብ አትሸሽም፤ መልኳን ከደረቅ ቅጠል አመሳስላ ትተኛለች፤ የረገጣትን ትነድፋለች። እዚያ ላይ በበረባሶ የሚገባ የቀን ሠራተኛ አለ፤ የውሃ ተራው ሌሊት የደረሰው ገበሬም አለ። ከጨንቻና ከቦንኬ ደጋ ለሥራ የወረደው ደግሞ የቆላውን እባብ ጠባይ ከየት ያውቀዋል?

የእፉኝት ዘሮች መርዝ እግር ያሳብጣል፣ ሥጋ ያበሰብሳል፣ ደም እንዳይረጋም ያደርጋል። የማምባ መርዝ ነርቭ ይይዛል፤ የዓይን ቆብ ይወድቃል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ በመጨረሻ ትንፋሽ ይቆማል። ማርከሻው በደም የሚዞረውን መርዝ ይይዛል እንጂ የሞተ ሥጋ አያስነሳም። በመንገድ ላይ የጠፋ ግማሽ ቀን እግር ሊያስቆርጥ ይችላል።

ያን ግማሽ ቀን ምን እንደሚበላው እናውቃለን። ቤተሰብ ቁስሉን በምላጭ ይበጣል፣ እግሩን በገመድ ጥፍር አድርጎ ያስራል፣ ጥቁር ድንጋይ ይለጥፋል። ሁለቱ ይጎዳሉ፣ ሦስተኛው ጊዜ ያባክናል። ነገር ግን ገበሬውን “ባህል ሐኪም ዘንድ አትሂድ” ብሎ መምከር የሚያምረው ጤና ጣቢያው የሚሰጠው ሲኖረው ነው። ማስታገሻና የቲታነስ መርፌ ብቻ ተሰጥቶት የተሸኘ ሰው፣ ነገ ጎረቤቱ ሲነደፍ የት ይልከዋል?

ማቀዝቀዣ የለም የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። የሕፃናት ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ለፈሳሹ ማርከሻም ያገለግላል። አለርጂ ማስከተሉ እውነት ነው፤ ከፈረስ ደም የሚሠራ በመሆኑ የአንዳንዱን ሰው ሰውነት ያስቆጣል። አድሬናሊን በእጁ ያለ የሠለጠነ ነርስ ግን ሊደርስለት ይችላል። ምርመራውም ትልቅ ላቦራቶሪ አይፈልግም፤ 2 ሚሊ ሊትር ደም በንጹሕ ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ አድርጎ 20 ደቂቃ ሳያንቀሳቅሱ ማቆየት ነው። ቱቦው ሲዘነበል ደሙ ካልረጋ መርዙ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው።

የዋጋውን ነገር አላቃልልም። አንድ በሽተኛ በርካታ ብልቃጥ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ይህ በገበሬ ኪስ አይቻልም፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሊሸፍነው ይገባል። ርካሹን እንግዛ የሚል ካለ ጋናን ያስታውስ፤ እዚያ ለአገሩ እባብ የማይስማማ ማርከሻ በቀድሞው ቦታ ሲተካ፣ በአንድ ሆስፒታል ከመቶ 2 የማይሞላው የሟቾች ቁጥር ወደ 12 አሻቀበ። የመድኃኒት ኩባንያው ሳኖፊ ለአፍሪካ ይሠራው የነበረውን ፋቭ አፍሪክ የተባለ ማርከሻ እ.ኤ.አ. በ2014 ማምረት አቁሟል። ምርጫው ጠባብ ስለሆነ በእኛ እባቦች መርዝ ላይ የተፈተነው አስቀድሞ መታዘዝ አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ መርዝን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው በሰኔ 2009 ዓ.ም. ነው። በየዓመቱ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሰው እንደሚገድል ይገምታል፤ ሞቱንና አካል ጉዳቱን በ2022 ዓ.ም. በግማሽ ለመቀነስም አቅዷል። በአገራችን በአብደራፊ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በሰሊጥ እርሻ ለተነደፉ ሠራተኞች ሕክምናውን ሲሰጥ ቆይቷል። የሰሊጥ ሠራተኛ ያገኘውን የሙዝ ሠራተኛ ለማግኘት እርዳታ ድርጅት መጠበቅ የለበትም።

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ችላ በተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ላይ የሚሠራ የምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለው፤ ነርሶቹን ማሠልጠን ይችላል። የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትም ከተማው ውስጥ ቅርንጫፍ አለው። በኔፓል የተነደፈን ሰው በሞተር ብስክሌት ወደ ሕክምና የሚያደርሱ የሰፈር ወጣቶች ሲደራጁ ሞት በእጅጉ ቀንሷል፤ ሞተር ደግሞ እኛም ጋ አይታጣም። የተነደፈውን እግር ሳያንቀሳቅሱ፣ ሳይበጡና ጥፍር አድርገው ሳያስሩ ቶሎ ማድረስ የሚለውን ምክር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ሽማግሌዎች በየዱቡሻው (በየሕዝብ መሰብሰቢያው) ያዳርሱት።

ሚያዝያ ላይ የበልጉ ዝናብ ይበረታል፤ የማሳው ሥራም እንዲሁ። ከዚያ በፊት ማርከሻው ይከፋፈል፤ የትኛው ጤና ጣቢያ ስንት ብልቃጥ እንዳለውም በየበሩ ይለጠፍ። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ በዞኑ ስንት ሰው እንደተነደፈ፣ ስንቱ እንደታከመና ስንቱ እንደሞተ በይፋ ይነገረን።

ከአክብሮት ጋር
የአርባ ምንጭ ነዋሪ