ክረምቱ ሳያልፍ አንድ መጽሐፍ



ደብረ ማርቆስ ላይ ሐምሌ ከገባ ፀሐይ እንግዳ ናት። ከዙህር በኋላ በጮቄ በኩል ይጠቁርና ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር መውጫ የለም። ትምህርት ቤቱም ተዘግቷል። አብዛኞቻችን ጋቢ ተከናንበን ስልክ ስንጎረጉር ይመሻል። እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሰፈር ልጅ ዝናቡ እስኪያባራ መስጂድ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ወፍራም መጽሐፍ ያነብ ነበር፤ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር»። «ልብ ወለድ ምን ይጠቅምሃል? ኪታብ አትቀራም?» ብዬ ተቆጣሁት። ዝም ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ ይዞ አላየሁትም።

በቀጣዩ ክረምት እኔው ተውሼ ጀመርኩት። በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ደራሲውም የዚሁ የጎጃም ሰው። ማንኩሳን በመኪና ስንት ጊዜ አልፌያታለሁ፣ የበዛብህ አገር መሆኗን ግን አላውቅም ነበር። ልጁ ለትምህርት ብሎ ከቤቱ ርቆ ሲንከራተት ሳነብ የደረሳነት ዘመኔ መጣብኝ፦ ርሃቡ፣ የእናት ናፍቆቱ፣ የሸይኹ ቁጣ። የቆሎ ተማሪና ደረሳ ይህን ያህል ይመሳሰላሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። ጉዱ ካሳ ሰውን በዘር ማበላለጥን ሲተች ደግሞ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ሸማኔ በሙያው ይናቅ በነበረበት አገር ላደግን ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ከዒሻ በኋላ ጮክ ብዬ ሳነብላት ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ጎረቤት ተሰብስበው ያዳምጡ እንደነበር አጫወተችኝ። ቆሎ እየቆረጠምን፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ እያበራን ነሐሴን ጨረስነው። ትናንት የት እንዳቆምን ከእኔ ይልቅ የምታስታውሰው እሷ ነበረች።

ከሶላትና ከቂርአት የሚያዘናጋ ንባብ ይቅርብን። ግን ደስታ ያለበት ነገር ሁሉ ጊዜ ማባከን አይደለም፤ እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የዐረብ አገር ዑለሞች ክረምትን የሚያወድሱት ሌሊቱ ስለሚረዝም ነው። የእኛ ክረምት ሌሊቱ አይረዝምም፤ ቀኑን ግን ዝናቡ ቤት ይዘጋልናል። ከዐስር እስከ መግሪብ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡትና ሞክሩት።

ያ ልጅ ከከተማው ወጥቷል ይላሉ። ወንድሜ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ አፉ በለኝ። የትኛው ገጽ ላይ እንዳቆምክም ንገረኝ።