«ወዶ ገባ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ሞት



የአውሮፓ የጎዳና ብስክሌት ውድድር ሰሞን በመጣ ቁጥር ከወዳጆቼ ጋር አንድ የማይቀር ክርክር አለን። ተወዳዳሪ ወድቆ ሲጎዳ ብዙዎቹ «ወዶ ገባ ነው፤ አደጋውን አውቆ ነው የፈረመው» ይላሉ። እኔ እንጀራዬ ምህንድስና ነውና ይህ አባባል አይዋጥልኝም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እስቲ ከሥሩ እንየው።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር ሰው ፊት ለፊት ከግንብ ቢጋጭ ከ25 ሜትር፣ ማለትም ከስምንት ፎቅ ገደማ እንደመውደቅ ነው። የአውሮፓ ደረጃ የብስክሌት ሄልሜትን የሚፈትነው ግን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ በሚደረግ ግጭት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድሬ ኪቪሌቭ ወድቆ ከሞተ በኋላ ሄልሜት ግዴታ መሆኑ መልካም ነው። ነገር ግን ከሄልሜቱ አቅም በላይ የሆነውን መከላከል ያለበት የመንገዱ ምርጫና አጥሩ ነው። ይህ ደግሞ በተወዳዳሪው እጅ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2020 በፖላንድ ካቶቪትሴ ከተማ የሆነውን እናስታውስ። ዲላን ግሩነዌገን መስመሩን ለቆ ፋቢዮ ያኮብሰንን ወደ አጥሩ ገፋው፤ አጥሩም ተበታተነ። ግሩነዌገን ለዘጠኝ ወር ታገደ። ቅጣቱ ተገቢ ነው። ለመሆኑ የፍጥነት ፉክክሩ ቁልቁለት ላይ እንዲያልቅ የወሰነውስ ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የ26 ዓመቱ ጂኖ ሜደር በስዊዘርላንድ የአልቡላን ተራራ ሲወርድ ገደል ገብቶ በማግስቱ ሞተ። የዕለቱ መጨረሻ ከዚያው ቁልቁለት ሥር ነበር።

ቁልቁለት የሌለበት ውድድር ይሁን ማለቴ አይደለም። ተወዳዳሪው ፍሬን በመያዝ የሚቀንሰው አደጋ አለ፤ ሌሎች ቢሮ ተቀምጠው የሚያስቀምጡለት አደጋም አለ። «ወዶ ገባ» የሚባለው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

ታዲያ ተወዳዳሪዎቹ ለምን አይጮሁም? ጎዳና ላይ ትኬት አይሸጥም። ቡድኑ የሚኖረው ስሙን በሰጠው ስፖንሰር ገንዘብ ነው፤ ስፖንሰሩ ከሄደ ቡድኑ ሊፈርስ ይችላል። ኮንትራቱ ሊያልቅ የተቃረበ ልጅ ደፍሮ ይናገራል? ሲናገሩም ይሳቅባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ–ሩቤ፣ ከአረንበርጉ የድንጋይ ንጣፍ በፊት ፍጥነት የሚያበርድ ጠመዝማዛ እንዲሠራ የጠየቀው የራሳቸው ማኅበር ነበር። ስንቱ ተመልካች አላገጠበት!

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ወገኖቼ የባሕሬንንና የኤምሬትስን ስም በማልያዎቹ ላይ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ በ2017 ለባሕሬን ቡድን ጋልቧል። ተመልካቹ የሚከራከረው ገንዘቡ ከነዳጅ ነው፣ ከመንግሥት ነው እያለ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ገንዘቡ ከየት መጣ ብለን እንደምንጠይቅ ሁሉ ለልጁ ደኅንነት ምን አደረገ ብለንም እንጠይቅ። በድሉ ቀን ስሙን የሚያስጠራ ስፖንሰር፣ «አጥሩ ካልተስተካከለ፣ የመጨረሻው መስመር ከቁልቁለት ካልራቀ ቡድኔ አይሰለፍም» ለማለት አቅሙ አለው። ልጁ ግን የለውም።

እኛም ተመልካቾች ነንና የድርሻችን አለ። ሰው ሲወድቅ «ለምን ፈጠነ?» ከማለታችን በፊት «መንገዱን ማን መረጠው?» እንበል።

ቸር እንሰንብት።