ውድ መቀስ ያለ ሞራጅ ኪሳራ ነው

በሐዋሳ ከፒያሳ እስከ አቶቴ፣ ከመናኸሪያ አካባቢ እስከ አረብ ሰፈር ድረስ ፀጉር ቤት የሌለበት መንደር ማግኘት ያስቸግራል። ሥራው ሰፊ ቦታ የማይጠይቅና መሣሪያው ጥቂት በመሆኑ ለብዙ ወጣቶች የመጀመሪያው የንግድ በር ሆኗል። ይሁን እንጂ ስለ ኪራይ፣ ስለ ወንበርና ስለ መስታወት ዋጋ ደጋግሞ የሚያሰላው ባለ ፀጉር ቤት፣ በእጁ የሚይዘውን መቀስ ግን ርካሽነቱን ብቻ አይቶ ይገዛል። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ የደረሰበት ይደርስበታል።

እርግጥ በወንዶች ፀጉር ቤት አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ቶንዶስ ነው። ሆኖም ጎፈሬ ማስተካከል፣ ጢምና ሪዝ መከርከም፣ የሴቶችን ፀጉር ጫፍ መቁረጥ ያለ መቀስ አይሆንም። መብራት በድንገት ሲጠፋም ደንበኛው ፀጉሩ በከፊል ተቆርጦ እንዳይቀር የሚያደርገው ይኸው መቀስ ነው።

ጉዳዩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይበልጥ የሚያሳስብ ሆኗል። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተፈቀደ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የባለሙያ መቀስ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ የተሳሳተ ምርጫ የሚያስከፍለው ቅጣትም በዚያው መጠን ከብዷል።

ለመሆኑ የመቀስ ጥራት በምን ይለያል? በመጀመሪያ በብረቱ ነው። 440ሲ በመባል የሚታወቀው የማይዝግ ብረት 1 ከመቶ ገደማ ካርቦንና ከ16 እስከ 18 ከመቶ ክሮሚየም ይዟል። ካርቦኑ ጥንካሬ ይሰጠዋል፣ ክሮሚየሙ ዝገት ይከላከልለታል። ካርቦኑ አነስተኛ የሆነ ብረት ዋጋው ይቀንሳል፤ ስለቱ ግን ቶሎ ይዶለዱማል። የደነዘ መቀስ ፀጉሩን ከመቁረጥ ይልቅ ያጥፈዋል፣ ይጎትተዋል። የተጎተተ ደንበኛ ደግሞ ቅሬታውን ሳይናገር ጎረቤት ያለውን ፀጉር ቤት ይለምዳል።

በላዩ የተቀረጸው ጽሑፍ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሶሊንገን የሚለው ስም በጀርመን ሕግ የተጠበቀ በመሆኑ እዚያው አካባቢ ላልተሠራ ዕቃ መዋል የለበትም። “የጃፓን ብረት” የሚለው ግን ቃሉ እውነት ቢሆን እንኳ ስለ ብረቱ እንጂ መቀሱ ስለተሠራበት አገር አይናገርም። ስለዚህ ገዢው እዚያው ሱቁ ውስጥ ይሞክረው። እርጥብ ሶፍት ሳያጥፍ ከሥር እስከ ጫፍ መቁረጥ አለበት። አንዱን እጀታ ይዞ ሌላውን ከፍቶ ሲለቁት ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ብሎኑ ላልቷል፤ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰም ከመጠን በላይ ጠብቋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ ቢባል፣ ለምሳሌ ያህል አንዱ መቀስ 1,000 ብር ያወጣና በየ4 ወሩ ይጣላል እንበል። በ4 ዓመት ውስጥ 12 መቀስ ይገዛል፤ ወጪው 12,000 ብር ይሆናል። ሌላው 6,000 ብር ተገዝቶ 4 ዓመት ያገለግልና በዓመት 2 ጊዜ በ300 ብር ይሞረዳል። ጠቅላላ ወጪው 8,400 ብር በመሆኑ ውዱ መቀስ የ3,600 ብር ብልጫ አለው።

ነገር ግን ሒሳቡ የሚሠራው ሞራጅ በቅርብ ካለ ብቻ ነው። ውድ መቀሶች አብዛኛውን ጊዜ ስለታቸው ወደ ውጭ ደገን ያለ በመሆኑ፣ ቢላዋና መጥረቢያ በሚሞረድበት ድንጋይ አንድ ጊዜ ከተነኩ ያ ቅርጽ ይጠፋል። ባለቤቱ ሙያተኛ ፍለጋ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ቢሄድና ትራንስፖርቱ፣ አበሉና የቀረበት የሥራ ቀን ተደምሮ አንዱ ሙረዳ 1,500 ብር ቢያስወጣው፣ የ4 ዓመቱ ወጪ 18,000 ብር ይደርሳል። ያን ጊዜ አትራፊው ርካሹን እየጣለ የሚገዛው ሰው ይሆናል።

ነጋዴዎች ገዢው የሚጠይቀው ዋጋ ብቻ ነው ይላሉ። አባባላቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። ይሁንና ዋስትናም ሙረዳም የማይቀርብለት ገዢ ከዋጋ ሌላ ምን ይጠይቅ? መቀስ የሚያስመጣም ሆነ የሚያከፋፍል ነጋዴ አንድ የሠለጠነ ሞራጅና ተገቢውን መሣሪያ ቢያዘጋጅ ዕቃውን በተሻለ ዋጋ ይሸጣል፣ ደንበኛውንም መልሶ ወደ ሱቁ ያመጣል። ሥራው በፀጉር ቤት ብቻ አይወሰንም። የልብስ ሰፊዎች መቀስና የሆቴል ወጥ ቤቶች ቢላዋም የዚሁ ገበያ አካል ናቸው። በሐዋሳ አነስተኛ ካፒታል ይዞ የሥራ መስክ ለሚፈልግ ሰው ይህ ሊናቅ የሚገባው አይደለም።

እስከዚያው ድረስ የከተማው ፀጉር አስተካካይ መካከለኛ ዋጋ ያለውንና ስለቱ ተራ አሞራረድ የሚችለውን መቀስ ቢመርጥ ይበጀዋል። ከፀጉር በስተቀር ወረቀትም ሆነ ላስቲክ አይቁረጥበት፤ ማታ ጠርጎ ብሎኑ ላይ ጠብታ ዘይት ያድርግበት። ውዱንም ቢሆን ከመግዛቱ በፊት ሻጩን ዋጋውን ብቻ ሳይሆን “ሲደንዝ ማን ይሞርድልኛል?” ብሎ ይጠይቅ። መልስ የሌለው ሻጭ ግማሽ ዕቃ ነው የሚሸጠው።