በሰይፍ ሥር የተገባ ቃል

ለተከበሩ የመጽሔቱ አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ማኅበራዊ ውል የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁት። ጸሐፊው ሆብስን፣ ሎክንና ሩሶን አንድ ላይ አሰልፈው፣ ሦስቱም መንግሥት በሕዝብ ፈቃድ ይቆማል ስላሉ ሦስቱም ወረራን ይቃወማሉ ብለው ደምድመዋል። በዚህ አልስማማም። ሦስቱ አጥብቀው የሚለያዩት እዚሁ ላይ ነው። ጉልበተኛ ጎረቤቱን ወርሮ ከተሸናፊው ያስፈረመውን ወረቀት እንደ ሕጋዊ ውል በሚያሳይበት ዓለም ደግሞ ልዩነታቸው በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ቶማስ ሆብስ «ሌዋታን»ን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1651 ነው። አገሩ እንግሊዝ በእርስ በርስ ጦርነት ደቅቃለች፤ ንጉሧም ከሁለት ዓመት በፊት አንገቱ ተቀልቷል። ሥርዓት አልባነትን ከምንም በላይ ቢፈራ አልፈርድበትም። ድል ብቻውን የመግዛት መብት እንደማይሰጥ እሱም ይናገራል። ነገር ግን ተሸናፊው ነፍሱን ለማትረፍ «እገዛልሃለሁ» ካለ ውሉ ጸና ይላል፤ በፍርሃት የተገባ ቃልም ያስራል። ታዲያ ወራሪ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ሰይፉን ካሳየ ፈቃዱ በእጁ ነው።

ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1689 ባወጣው ሁለተኛው የመንግሥት ድርሳኑ ስለ ወረራ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፏል። ያለ አግባብ የወረረ ንጉሥ፣ ቤት ሰብሮ ገብቶ ጉሮሮ ላይ ጩቤ ደግኖ የርስት ሰነድ ከሚያስፈርም ወንበዴ አይሻልም ይላል። በግድ የተገባ ቃል አያስርም። ፍትሐዊ ጦርነት ያሸነፈ እንኳ ሥልጣኑ በተዋጉት ላይ ብቻ ነው፤ ያልተዋጉትን ሊነካ፣ የልጆቻቸውን ርስት ሊወርስ አይችልም። በኦቶማን ቱርኮች ሥር የነበሩት የግሪክ ክርስቲያኖችም ጊዜ ሲያገኙ ቀንበሩን ቢጥሉ መብታቸው ነው ብሏል፤ ግሪኮች እ.ኤ.አ. በ1821 ከመነሣታቸው ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ።

እስከዚህ ድረስ ከሎክ ጋር ነኝ። ሆኖም በፍትሐዊ ጦርነት የተማረከ በባርነት ሊያዝ ይችላል ሲል አንድ በር ክፍት ትቷል። ይህ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አልነበረም። ሎክ ባሪያ በሚነግደው በሮያል አፍሪካ ኩባንያ ውስጥ የአክሲዮን ድርሻ ነበረው። ለጌታ በባሪያው ላይ ፍጹም ሥልጣን የሰጠው፣ እ.ኤ.አ. የ1669 የካሮላይና ቅኝ ግዛት ሕግ ሲረቀቅም የቅኝ ግዛቷ ባለቤቶች ጸሐፊ ነበር። ከአፍሪካ ዳርቻ በሰንሰለት ታስረው የተጫኑት ሴቶችና ሕፃናት በየትኛው ጦርነት ተዋግተው ነው? በራሱ መለኪያ እንኳ የሚያስጠይቅ ነገር ነው፤ እኔም ሎክን ባነበብሁ ቁጥር ይከነክነኛል።

በሩን የዘጋው ዣን ዣክ ሩሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1762 በታተመው «ማኅበራዊ ውል» ጦርነት በመንግሥትና በመንግሥት እንጂ በሰውና በሰው መካከል አይደለም ይላል። ሰው ጠላት የሚሆነው ወታደር ሆኖ ሲሰለፍ ብቻ ነው፤ መሣሪያውን ካስቀመጠ ተራ ሰው ነው፣ ነፍሱም አትነካም። ሊገድለው መብት የሌለው አሸናፊ ደግሞ «ሕይወትህን ስለተውሁልህ ባሪያዬ ሁን» ሊለው አይችልም፤ የራሱ ያልሆነውን ነገር ምን ብሎ ይሸጣል?

ሦስቱን በኮርሲካ እንመዝናቸው። ሩሶ በዚያው መጽሐፉ ያደነቃት፣ ኋላም የሕገ መንግሥት ረቂቅ የጀመረላት ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1768 ገዥዋ ነኝ የምትለው ጄኖዋ የደሴቲቱን ነዋሪዎች ሳትጠይቅ ለፈረንሳይ አሳልፋ ሰጠቻት፤ በቀጣዩ ዓመት በግንቦት የኮርሲካውያኑ መሪ የፓስካል ፓዎሊ ጦር ፖንቴ ኖቮ ላይ ተሸነፈ። በሆብስ ሚዛን፣ ከዚያ በኋላ እጁን የሰጠ ኮርሲካዊ የፈረንሳይ ንጉሥ ሕጋዊ ተገዥ ሆኗል። በሎክ ሚዛን የልጅ ልጁ እንኳ ነፃ ነው። በሩሶ ዘንድ ደግሞ ጦርነቱ ገና አላበቃም፤ አሸናፊው ያገኘው ኃይል እንጂ መብት አይደለምና።

ጸሐፊው ሦስቱን መልሰው ቢያነቧቸውና በሚቀጥለው እትም ለየብቻ ቢያቀርቧቸው ለአንባቢ ይጠቅማል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ከደሴ