የሠዓሊ እንጀራ

ልጃቸው ሥዕል የሚወድ አባቶችና እናቶች ዘወትር የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ ሥራ እንጀራ ይሆነዋልን?» የሚል ነው። በዚህ ወር ጥያቄውን የምንመለከተው በአርባ ምንጭ ከተማ በሴቻ የሚኖረውን ወጣት ሠዓሊ በማሰብ ነው። ከሴቻ አፋፍ ቁልቁል ለተመለከተ ሰው የአባያና የጫሞ ሐይቆች፥ በመካከላቸውም «የእግዜር ድልድይ» የተባለው ኮረብታ ይታያል። ይህን ለማየት እንግዳ ከሩቅ አገር ይመጣል፤ ስለዚህ የሚሣልም ሆነ የሚገዛ አልጠፋም። የጠፋው ሒሳብ ነው።

ሒሳቡን ለመማር ወደ ጨንቻ በሚወስደው መንገድ ወደ ዶርዜ መውጣት ይበቃል። እዚያ ሴቶቹ ይፈትላሉ፥ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ብልህ ሸማኔ ለድርና ለማጉ ያወጣውን ገንዘብና በሸማው ላይ የዋለውን ቀን ሳይቈጥር ዋጋ አይጠራም። ሆኖም ወደ አዲስ አበባ ወርደው በሽሮ ሜዳ አካባቢ ከተቀመጡት ሸማኔዎች ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው ነጋዴው ነው፤ ገዢውን የሚያውቀው እርሱ ነውና።

ለምሳሌ ያህል፥ ሸራው፥ ቀለሙና ክፈፉ 1,800 ብር ፈጀ እንበል። ሥራው ሰባት ቀን ወሰደ፤ ሠዓሊውም ለቤቱ በቀን 500 ብር ያስፈልገዋል። ድምሩ 5,300 ብር ይሆናል። በ4,000 ብር ሸጦ ደስ ያለው ሰው እንግዲህ የልጆቹን እራት ጨምሮ ሸጧል። ሥዕሉን በሆቴል ሰቅሎ የሚሸጥለት ሰው ከዋጋው ሢሶውን የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ከ8,000 ብር በታች መጥራት አይገባም።

የታዘዘ ሥራ ሲመጣ ግማሹን ቀብድ መቀበል፥ መጠኑን፥ የማስረከቢያውን ቀንና ቀሪውን ክፍያ በጽሑፍ ማስፈር ነውር አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የሠዓሊውን የገንዘብ ጥቅም በሕይወት ሳለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ነገር ግን በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ፥ ይህ ጥቅም የአዛዡ ነው። ሥዕሉ በቀን መቁጠሪያ ላይ ታትሞ ሲሸጥ ሠዓሊው ቆሞ እንዳያይ፥ ያቺን አንዲት መስመር በውሉ ላይ ያስጽፍ።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥዕልም አንድ ቃል እንጨምር። ሠዓሊው በፈቃዱ ቢሰጥ ስጦታው ነው፤ አዛዡ ግን «በረከት ታገኝበታለህ» እያለ የቀለሙን ዋጋ ሊያስቀርበት አይገባም።

ሱቅ ላይ ሰሌዳ መጻፍን የሚንቅ ወጣት አለ፤ እኛ ግን አንንቅም። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የሚያህል የመስታወት ሥዕል በ1953 ዓ.ም. ያበረከቱት አፈወርቅ ተክሌ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥለዋል፥ ሐውልት አቁመዋል፥ ለፖስታ ቴምብርም ነድፈዋል። በአንድ ዓይነት ገዢ ደጃፍ ብቻ አልቆሙም። የሴቻውም ሠዓሊ እንግዳ በማይበዛበት ክረምት የትምህርት ቤት ግድግዳና የሙሽሮች ሥዕል ቢሠራ ቤቱ አይራብም። ሥዕሉን ከማስረከቡ በፊት ፎቶግራፍ ያንሣው፤ የገዢውንም ስም፥ ስልኩንና የተከፈለውን ዋጋ በደብተር ይጻፍ፤ አንድ ጊዜ የገዛ ሰው ለሁለተኛው ሥዕል ከማያውቁት መንገደኛ ይልቅ ቅርብ ነው።